ጥያቄና መልስ፦ ስብ ካስመጠጡ ወይም ሆድ ካስቆረጡ በኋላ መታሸት

ሰሞኑን ከጎጃም ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ስብ አስመጥጠው ወይም ከወሊድ በኋላ የላላ የሆድ ቆዳቸውን አስቆርጠው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች፣ መታሸትን በተመለከተ ይጠይቃሉ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬ አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ።

«ቱርክ ሄጄ የሆድና የጎን ስብ ካስመጠጥኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እናቴ እብጠቱን አይታ በቅቤ የሚያሹ ሴት ልታስጠራልኝ ነው። እምቢ ካልኳት ይከፋታል። ልታሽ?» ከደብረ ማርቆስ

አትታሺ፣ እህቴ። እናትሽ እንዲህ ማሰባቸው አይገርምም። አራስ ስትታሽ፣ ወለምታ በወጌሻ እጅ ሲድን እያዩ ነው ያደጉት። የአንቺ ነገር ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ቀጭን ቱቦ ከቆዳሽ ስር እያስገባና እያወጣ ነው ስቡን የመጠጠው። ከላይ የሚታየው ስፌት የጣት ጥፍር አያክልም፤ ከስር ያለው ቁስል ግን ከጎን እስከ ጎን ነው። በኃይል ሲታሽ ገና እየጠገጉ ያሉ ትንንሽ የደም ስሮች እንደገና ይደማሉ። እብጠቱም ይብሳል። ቅቤው ደግሞ ስፌቱ በደንብ ካልገጠመ ቁስሉን ሊያመረቅዘው ይችላል።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። ስብ የተመጠጠበት ቆዳ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደነዝዛል። ስለዚህ የጋለ ፎጣ ወይም ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ ሲያስቀምጡብሽ ማቃጠሉ አይታወቅሽም። የሚታወቅሽ ቆዳው ውሃ ሲቋጥር ነው። ሲያሹሽም «በዛ» ማለት አትችዪም።

በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ማሳጅ የሊምፍ ማሳጅ የሚባለው ነው። ሊምፍ በቆዳ ስር በስስ ቧንቧዎች የሚጓዝ ፈሳሽ ነው። ንፍፊት በሚወጣባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ባሉ እጢዎች አልፎ ወደ ደም ይመለሳል። ቧንቧዎቹ ከቆዳ ብዙም ስለማይርቁ፣ እጅ ሲከብድባቸው ይጨፈለቃሉ እንጂ አይሠሩም። ባለሙያዋ ቆዳሽን ሳብ አድርጋ ትለቃለች፤ ዘይትም ብዙ አትፈልግም። ካመመሽ እጇ ከብዷል ማለት ነው። «እያመመ ነው የሚያድነው» የሚለው አባባል እዚህ ቦታ የለውም።

ተስፋሽን ግን ከልክ በላይ አላሳድገው። ይህ ማሳጅ እብጠትንና ውጥረትን ቀለል እንደሚያደርግ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። እብጠቱ ያለ ማሳጅም ይወርዳል። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪሄድ ግን እስከ 6 ወር ሊፈጅ ይችላል። ሐኪምሽ ያዘዘውን ጠባብ ልብስ መልበስና በቀን ደጋግሞ መራመድ ከማሳጅ ይቀድማል። እናትሽን ከእምቢታ ይልቅ ሌላ ሥራ ብትሰጫቸው ደስ ይላቸዋል። ያንን ልብስ ለብቻ መልበስ መከራ ነው፤ መንጠቆውን እሳቸው ይያዙልሽ። ጠዋትና ማታም አብረውሽ ይራመዱ።

«ማሳጅ ቤት ሄጄ፣ ስፌቴ የነበረበትን ቀዳዳ ከፍታ ውሃውን ጨምቃ አወጣችልኝ። ብዙ ወጣ፤ ቀለለኝም። ልቀጥል?» ከባሕር ዳር

ዛሬውኑ አቁሚ። ይህ ማሳጅ አይደለም። የተዘጋን ቁስል በጣት መክፈት ለጀርም በር መክፈት ነው። የቀለለሽ ውጥረቱ ስለተነፈሰ ነው፤ ፈሳሹ ተመልሶ ይሞላል። ቆዳ ስር የተጠራቀመ ውሃ ሲገፉት የሚናወጥ ከሆነ፣ ሐኪም ንጹሕ በሆነ መርፌ ይቀዳዋል። አሁን ሙቀትሽን ለኪ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው መቅላት እየሰፋ ከሄደ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለ፣ እስከ ነገ አትጠብቂ። ሐኪም ቤት ስትሄጂም ማሳጅ ቤት የተደረገልሽን አትደብቂ።

«ባለቤቴ ሆዷን ከተቆረጠች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ከትናንት ጀምሮ የግራ ባቷ አብጦ ይሞቃል፤ ስትረግጥ ያማታል። ማታ ማታ ላሻት?» ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ እንዳትነካው። ይህን እንዳነበብክ ወደ ሆስፒታል ውሰዳት። አንድ ባት ብቻ ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲያም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የደም መርጋት ነው። ሆድ ከተቆረጠ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። የረጋው ደም በመታሸት ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ይቀጥፋል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም ካሳላት ደቂቃም አታባክኑ። በከተማችሁ ሆስፒታል አለ፤ የቀዶ ጥገናውን ቀንና ዓይነት ንገሯቸው። ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ከተባለች፣ መድኃኒት ተጀምሮላት መሄድ ትችል እንደሆነ እዚያው ጠይቅ።

ለዚህ ጥያቄ በግል ወዲያው መልሻለሁ። እዚህ ያወጣሁት ሌላም ሰው ባት ሲያሽ እንዳይገኝ ብዬ ነው።

«ሁለት ወር ሆኖኛል። ሆዴ ላይ ጠጠር ጠጠር የሚል ነገር አለ። ስቡ ቀርቶ ይሆን?» ከቡሬ

ብዙ ጊዜ ስብ አይደለም፤ ከውስጥ እየጠገገ ያለ ጠባሳ ነው። በወራት ውስጥ እየለሰለሰ ይሄዳል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከገጠመና ሐኪምሽ ከፈቀደ፣ ባለሙያ ካሳየችሽ በኋላ በጣትሽ ጫፍ ክብ ክብ እያደረግሽ ራስሽ ማሸት ትችያለሽ። በቀን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ዋግምት አትሞክሪ። የሚያድግ፣ የሚቀላ ወይም የሚያም ካለ ግን ይታይልሽ።

«ጾም ገብቷል። ቁስሌ ቶሎ አልድን አለኝ። ጾሙ ይሆን?» ከብቸና

ጾሙ ራሱ ሳይሆን የምግቡ ማነስ ሊሆን ይችላል። ቁስል የሚሞላው በፕሮቲን ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ ይብዛልሽ፤ ውሃም ጠጪ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ግን ለዚህ ጊዜ አይሆንም። የታመመ ሰው እንደሚፈቀድለት ታውቂያለሽ፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ቁስሉንም ሐኪም ይየው፤ ስኳርሽንም ተለኪ።

«አዲስ አበባ ተሠርቼ ወደ ሞጣ በመኪና ልመለስ ነው። ለቤተሰብ የነገርኩት ለሥራ እንደሄድኩ ነው። መንገዱ ምን ያደርገኛል?» ከሞጣ

መንገዱ የሚጎዳሽ ለረጅም ሰዓት ስለሚያስቀምጥሽ ነው፤ መቀመጥ ደም ሊያረጋ ይችላል። ሐኪምሽ «አሁን መሄድ ትችያለሽ» ሳይልሽ አትሳፈሪ። ከተፈቀደልሽ ሾፌሩን ቀድመሽ አነጋግሪ፤ በየሰዓቱ ወርደሽ ተራመጂ፤ ተቀምጠሽም ቁርጭምጭሚትሽን አንቀሳቅሺ። ጎሃ ጽዮንን አልፋችሁ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ሙቀቱ ያንን ጠባብ ልብስ «አውልቂው አውልቂው» ያሰኛል። አታውልቂው። ከስር ስስ የጥጥ ልብስ ካለሽ ይረዳሻል።

ምስጢርሽን ለመንደሩ ሁሉ ንገሪ አልልም። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሌሊት ሙቀት ቢነሳብሽ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ምን እንደተደረግሽ ለሐኪሙ የሚናገርልሽ ሰው ያስፈልጋል። እህት ትሁን ጓደኛ፣ አንድ የምታምኚያት ሰው ትወቅልሽ።

«ማሳጅ ቤት እሠራለሁ። ቀዶ ጥገና ተሠርተው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ብመልሳቸው ገበያዬ ይቀራል፣ ባሻቸው እፈራለሁ። ምን ላድርግ?» ከባሕር ዳር

ፍርሃትሽ የጥሩ ባለሙያ ፍርሃት ነው። ከሁሉም ደብዳቤዎች ያስደሰተኝ ያንቺ ነው።

የሊምፍ ማሳጅ ኤሚልና ኤስትሪድ ቮደር የተባሉ ዴንማርካዊ ባልና ሚስት በ1930ዎቹ ፈረንሳይ አገር ሆነው ያዳበሩት ሙያ ነው። ራሱን የቻለ ሥልጠና አለው። የተለመደውን ማሳጅ እጅ ቀለል አድርጎ መሥራት አይተካውም። የሚጀመረው ካበጠው ቦታ አይደለም፤ ከአንገትና ከአንገት ስር በፊት በኩል ካለው አግዳሚ አጥንት በላይ ካለው ጎድጓዳ ነው። መጀመሪያ መውጫው ይከፈታል፤ ፈሳሹ ከዚያ ይከተላል። ሆዷን የተቆረጠች ሴት ላይ ደግሞ ጠባሳው ወደ ብሽሽት የሚወርደውን መንገድ ያቋርጠዋል። ስለዚህ ከጠባሳው በላይ ያለው ፈሳሽ ወደ ብብት ይመራል። ይህን ሳትሠለጥኚ አትጀምሪ። ከሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ጋር ተነጋግረሽ ብትማሪ ለገበያሽም ይበጃል።

እስከዚያው ግን የቀዶ ጥገና ሐኪሙን ወረቀት ጠይቂ። ምን እንደተሠራ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ማሳጅ ከመቼ ጀምሮ እንደተፈቀደና የሐኪሙን ስልክ ይያዝ። ከማሸትሽ በፊት ሁለቱን ባቶች አስተያይተሽ ተመልከቺ። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ ገና ያልተነቀለላት፣ ትኩሳት ያላት፣ ቁስሏ የሚያፈስ ወይም አንድ ባቷ ያበጠ ሴት ከመጣች ገንዘብ አትቀበዪ። ባጃጅ ጠርተሽ ወደ ሆስፒታል ላኪያት።