የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሳንቲሜን ለደረጃ ምዘና ልላከው?

ጥያቄ፦ በ2002 ዓ.ም. የወጣ፣ ከባንክ እንደተቀበልኩት ያስቀመጥኩት ባለ አንድ ብር ሳንቲም አለኝ። በሎሚና በአመድ ወልውዬ አሜሪካ ላሉት የሳንቲም ጥራት መዛኞች ልላከው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ እባክዎ አይወልውሉት፤ ሎሚው ወዙን ይገፍፈዋል፣ አመዱም በአንበሳው ጉንጭ ላይ ፀጉር የመሰለ ጭረት ይተዋል፣ እንዲህ የተነካካ ሳንቲም ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቁጥር የሚገለጽ ደረጃ ይነፈጋል። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ መዛኝ ድርጅቶች ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ሲመዝኑ፣ 70 የሚሰጡት በአምስት እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ታይቶ እንከን ላልተገኘበት ነው፤ ከባንክ እስኪወጣ በከረጢት ውስጥ ከሌሎች ጋር ሲፋጭ ለከረመ ሳንቲም ይህ ዘበት ነው። ዋጋውን ለማወቅ ሻጭ የጠራውን ሳይሆን በጨረታ በእርግጥ የተከፈለውን ይመልከቱ። በእኔ ግምት የምዘናውና የመላኪያው ወጪ ከሳንቲሙ ዋጋ ይበልጣል፤ ጠርዙን ብቻ ይዘው በደረቅ ቦታ ያኑሩት።