የ199 ዶላር ከ99 ሳንቲሙ ሰውዬ፦ ስለ ጆርጅ ሳንቶስ ለጠየቃችሁኝ

ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጥቅምት 2025 (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጆርጅ ሳንቶስን እስራት ካሳጠሩለት ወዲህ ስለዚህ ከኮንግረስ የተባረረ የኒውዮርክ ሪፐብሊካን ተወካይ ብዙ ተጠይቄያለሁ። ጥቂቶቹን ልመልስ።

«ጋሼ፣ ሰውየው የተባረረው ሲቪው ላይ ስለዋሸ አይደል? በዚያማ ከሆነ ስንቱ ይተርፋል!» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ሳቄን አመጣህብኝ። አዎ፣ ባሩክ ኮሌጅ ተምሬያለሁ፣ ጎልድማን ሳክስና ሲቲግሩፕ የሚባሉት ትልልቅ ባንኮች ውስጥ ሠርቻለሁ ያለው ውሸት ነበር። ለመራጭ መዋሸት ግን ብቻውን አያሳስርም። ያስያዘው ገንዘብ ነው።

በምርጫ ቅስቀሳ ከ200 ዶላር በላይ የሆነ ወጪ ደረሰኝ ይፈልጋል። የሳንቶስን የወጪ መዝገብ ገልጠህ እየው። ኩዊንስ ያለ የጣሊያን ምግብ ቤት፣ 199.99። ኡበር፣ 199.99። ሆቴል፣ አሁንም 199.99። እንዲህ ያለው ወጪ ከ30 በላይ ነው። ሆቴሉም ሹፌሩም ተማክረው ያስከፈሉ ይመስላል! ኋላ የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የቅስቀሳ ገንዘብ ለቦቶክስ (የፊት መጨማደድ ለሚያጠፋ መርፌ) ሳይቀር መዋሉን ጻፈ። ነሐሴ 2024 ላይ በማጭበርበርና የሰው ማንነት በመስረቅ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ሰባት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደበት፤ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ወጣ።

«ውሸታም ቢሆንስ? በምክር ቤት የሰጠው ድምፅ ለሕዝብ ከጠቀመ ምን አለበት?» (ከዳላስ)

እሺ፣ ድምፁን እንይ። ግንቦት 10 ቀን 2023 ፍርድ ቤት ቀረበ። ከክሶቹ አንዱ ደመወዝ እየበላ ከ24 ሺህ ዶላር በላይ የሥራ አጥ ድጎማ ወስዷል የሚል ነው። በማግስቱ ምክር ቤቱ በኮቪድ ጊዜ በማጭበርበር የተወሰደ የሥራ አጥ ድጎማ እንዲመለስ የሚል ረቂቅ ላይ ድምፅ ሰጠ። ሳንቶስ ደገፈ። ደግሞ ከረቂቁ አቅራቢዎችም አንዱ ነበር! ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይሉ የለ።

ከዚያ ቀደም፣ ሚያዝያ ላይ፣ ሪፐብሊካኖች ያቀረቡትን የመንግሥት ዕዳ ጣሪያ (መንግሥት የሚበደርበት ወሰን) ረቂቅ መጀመሪያ እቃወማለሁ ብሎ ነበር። ኋላ ደገፈው። 217 ለ215 አለፈ። አንድ ሰው ቢያፈገፍግ ይወድቅ ነበር። የፓርቲው አለቆች ለምን እንደታገሱት ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

«ለማባረር ለምን ያን ያህል ፈጀ?»

ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚጠይቅ። ኅዳር ላይ 179 ለ213 ከሸፈ። የኮሚቴው ሪፖርት ከወጣ በኋላ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2023፣ 311 ለ114 ተባረረ።

«በቦታው የተወዳደረችው ማዚ ፒሊፕ የእኛ ልጅ ናት። ምነው ዝም አልክ?» (ከአሌክሳንድሪያ)

ኧረ ኮርቼባታለሁ። ኢትዮጵያ ተወልዳ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ልጅ ሆና ወደ እስራኤል ሄዳ፣ ለኮንግረስ መወዳደር ቀላል አይደለም። ግን ሳንቶስ ያታለለው ሕዝብ ፊት ነው የቆመችው። ያ ሕዝብ እሷን አገላብጦ መጠየቅ ነበረበት። ከዴሞክራቱ ተፎካካሪዋ ከቶም ስዎዚ ጋር የተከራከረችው አንዴ ብቻ ነው፣ የካቲት 8 ቀን 2024። ከምርጫው ቀን አስቀድሞ ድምፅ መስጠት ከተጀመረ አምስት ቀን አልፎት፣ ብዙ ሰው ድምፁን ሰጥቶ ቤቱ ገብቷል።

የካቲት 13 ተሸነፈች።