«ተርን ዳውን»ን አትገንጥሉት

ልጆቼ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት በፋብሪካ ሰርቪስ ስመላለስ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሥራዬ ጥገና ነበር፤ የፈትል ማሽኖች ላይ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዚያው መንገድ የምትወርዱት እናንተ ናችሁ። ከውጭ ሰው ጋር ኢሜይል የምትጻጻፉትም እናንተ። ለዚህ ነው ስለ እንግሊዝኛው «ተርን ዳውን» (turn down) ይህን የምጽፍላችሁ።

አንድ ጊዜ ለውጭ አገር ዕቃ አቅራቢ ደብዳቤ ጻፍን። የዋስትና ጊዜያቸው ሳያልቅ የተበላሹ 40 ቤሪንጎች በነፃ ይተኩልን አልን። መልሱ በፋክስ መጣ። ጥያቄያችሁ «ተርንድ ዳውን» ሆኗል ይላል። እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ የተሰጠኝ ለእኔ ነበር። «ተርን» ማዞር፣ «ዳውን» ወደ ታች። አሠልጣኛችን ማሞቂያውን እያሳየ «ተርን ኢት ዳውን» ሲለኝ ቁልፉን አዙሬ እቀንስ ነበር። እናም ለአለቃዬ «ቁጥሩን ቀንሰውብናል እንጂ ይልካሉ» አልኩት።

ሁለት ወር ጠበቅን። ማሽኖቹ ቆመው አቧራ ለበሱ። ለካ «አንቀበልም» ብለውናል! ያ ፋክስ አሁንም ቤቴ አለ። ጽሑፉ ደብዝዟል፤ ከቃሉ ሥር ያሰመርኩት ቀይ እስክሪብቶ ግን ይታያል።

ስህተቴ ቃሉን ገንጥዬ መተርጎሜ ነበር። እንዲህ ያለውን ግሥ «ፍሬዛል ቨርብ» ይሉታል፤ ሁለቱ ቃላት ተጣምረው አዲስ ትርጉም ይወልዳሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም እኮ። «እጅ ሰጠ» ስንል ተሸነፈ ማለታችን ነው። «እጅ ነሳ» ግን አክብሮ ጎንበስ አለ ነው። «ፊት ሰጠው» አቀረበው፣ «ፊት ነሳው» ገሸሽ አደረገው። «ሰጠ» እና «ነሳ»ን ብቻ ለይቶ ያጠና እንግዳ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አያገኘውም። እናንተ ግን ከእናታችሁ አፍ ሙሉውን ስለሰማችሁት አንዱም አይጠፋችሁም። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው ሙሉውን ያዙት።

«ተርን ዳውን» ሁለት ዋና ትርጉም አለው። አንዱ ድምፅን፣ ሙቀትን ወይም መብራትን መቀነስ ነው። ሌላው ጥያቄን፣ ግብዣን ወይም የሥራ ዕድልን አለመቀበል ነው። ሽማግሌ ልኮ እንቢ የተባለም ሰው «ተርንድ ዳውን» ተደርጓል ይባላል። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ አጠገቡ ያለው ስም ነው። ሬዲዮ ካለ ቀንስ፣ ማመልከቻ ካለ ውድቅ ተደረገ። እኔ «ጥያቄ» የሚለውን ቃል አስተውዬ ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ባልጠበቅን። ዋጋ ቀንሱልን ለማለት ግን «ተርን ዳውን» አትበሉ፤ «ሪዲውስ» በሉ።

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱበት ሌላ ነገር አለ። «ተርን ዳውን ዘ ሬዲዮ» ማለትም «ተርን ዘ ሬዲዮ ዳውን» ማለትም ልክ ነው። በስሙ ፈንታ «ኢት» ከገባ ግን መሀል ብቻ ነው ቦታው፤ «ተርን ኢት ዳውን»። «ተርን ዳውን ኢት» አይባልም። ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩን «ቴፑን ቀንሰው» ስትሉት «ው» ከግሡ ጋር ትጣበቃለች አይደል? «ኢት»ም እንዲሁ «ተርን»ን ተጠግታ ትቆማለች።

አሁን ካነበብኩት ኢሜይላችሁ ተነስቼ አንድ ነገር ልጨምር። የሥራ ዕድል ሰጥተዋችሁ የማትሄዱ ከሆነ «ተርን ዳውን» ብሎ መጻፍ ስህተት አይደለም። ለማታውቁት አለቃ ግን «ዲክላይን» ይሻላል። ትርጉሙ ያው አለመቀበል ነው፤ ለደብዳቤ ግን ለስለስ ይላል። «ሪጀክት»ን ተዉት፤ ሰው ፊት በር እንደመዝጋት ነው። ከፊቱ «አመሰግናለሁ» ጨምሩበት፣ ከዚያ ላኩት።