ጥፍር በቤታችን፦ እናንተ ጠይቁ፣ እታለም ትመልሳለች

እታለም፦ ሰላም ነው እህቶች? በገባሁት ቃል መሠረት ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ለማታውቁኝ፣ 11 ዓመት ጥፍር ሠርቻለሁ። 6ቱን ሰው ቤት ተቀጥሬ፣ የቀረውን በራሴ። አሁን ጄል፣ ማለትም በመብራት የሚደርቀውን የጥፍር ቀለም፣ በእጄ አልነካም፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። ስለ ኪት፣ ስለ መብራት፣ በተለይ ደግሞ ጥፍር ላይ ስለ መሳል ጠይቁኝ። ዋጋ ግን አትጠይቁኝ። ጠዋት የነገርኳችሁ ማታ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል።

የሳሪሷ፦ እታለምዬ፣ አክስቴ ከዱባይ ኪት ላከችልኝ። የጄል ማድረቂያ መብራት፣ 6 ጄል፣ ከሥር የሚቀባ ቤዝ፣ ከላይ የሚቀባ ቶፕ፣ ሞረድ፣ ሁሉም አለው። እኔ ምንም አላውቅም። በምን ልጀምር?

እታለም፦ በማንበብ። ጠርሙሶቹን ገልብጪና ደቃቁን ጽሑፍ እዪ። ሄማ (HEMA) የሚባል ኬሚካል አለበት? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ደንብ፣ ሄማ ያለበት የጥፍር ምርት ለባለሙያ ብቻ ነው፤ አለርጂ ሊያመጣ እንደሚችልም ይጻፍበታል። ለጀማሪ በተሸጠ ኪት ውስጥ ካገኘሽው አስቀምጪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄል ጠርሙስ ውስጥ እያለ ፈሳሽ ነው። መብራቱ ሲያርፍበት እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል። በደንብ የደረቀው ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው ያልደረቀው ነው። ቆዳሽ ላይ ባረፈ ቁጥር ሰውነትሽ መዝግቦ ይይዘዋል። አንድ ወር ምንም አትሆኚም። አንድ ዓመትም ምንም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የጣትሽ ጫፍ ያሳክክሻል።

እኔን በስድስተኛው ዓመት ያዘኝ። አሠሪዬ ጓንት «ለደንበኛ ደስ አይልም» ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ጣቴ ጫፍ ላይ ውኃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ወጡ። ቀጥሎ ቆዳው ተሰነጣጠቀ፤ ሽንኩርት መክተፍ አቃተኝ። የዐይኔ ቆብ ሳይቀር አበጠ። ሐኪሙ አለርጂ ነው፣ አንዴ ከመጣ አብሮሽ ይኖራል አለኝ። ከጄሉ ኬሚካል ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ነገር የጥርስ ሙሌት ውስጥም ስለሚገባ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ስሄድ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ስለዚህ ዛሬ እስኪሰለቻችሁ የምደግመው ነገር አለ። ጄል ቆዳ አይንካ! በጥፍርሽ ዙሪያ የፀጉር ክር የምታህል ክፍተት ተዪ። ከነካ ደግሞ መብራቱ ውስጥ ሳትከቺው በፊት በቀጭን እንጨት ጥረጊው።

ሚሚ 22፦ ጥፍሬ ቶሎ እንዲያድግ ምን ልቀባ?

እታለም፦ ምንም። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል። ቀጣይ።

ቤቲ ከአዳማ፦ ጄሉን 60 ሰከንድ አደርቀዋለሁ። ከላይ ድንጋይ ነው። በማግስቱ ግን ይሸበሸብና እንደ ቆዳ ይገፈፋል። ችግሩ ቤዙ ነው?

እታለም፦ ቤዙን ተዪው። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ ወፍራም ነው የምትቀቢው? ብርሃኑ ላዩን አድርቆ ታቹን ሳይደርስበት ይቀራል። ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ እያንዳንዱን ለብቻ አድርቂ። ሁለተኛ፣ መብራቱና ጄሉ ከአንድ አምራች ናቸው? የጥፍር መብራት ሁሉ አንድ አይደለም። ጄሉ ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ቅመም አለ፤ የሚነሳው በራሱ የሞገድ ርዝመት ነው። ሰማያዊ ስለበራ ብቻ ሠራ ማለት አይደለም። በስልክ ቻርጀር የምትሠራው፣ እንደ ማውዝ ያለችው ትንሿ መብራትማ አቅም የላትም። ለአንድ ጣት ጥገና ካልሆነ አትመኛት።

አውራ ጣት ላይ ነው አይደል የሚብስብሽ? አራቱን ጣት ዘርግተሽ ስትከቺ አውራ ጣት በጎኑ ይተኛል። ብርሃኑ ጉንጩን እንጂ ፊቱን አያገኘውም። አራቱን አስቀድሚ፣ ከዚያ ሁለቱን አውራ ጣቶች አንድ ላይ ፊት ለፊት አስገቢ።

ቤቲ ከአዳማ፦ አዎ! አውራ ጣቴ ነው! እንዴት አወቅሽ?

እታለም፦ 11 ዓመት፣ የኔ ቆንጆ።

ጄሪ፦ በመሃል መብራት ቢሄድብኝስ? እኛ ሰፈር በሳምንት ሦስት ቀን ይሄዳል።

እታለም፦ ጥሩ ጥያቄ። ጄሉን ይዘሽ መብራት እስኪመጣ አትቀመጪ። በአልኮል ባራሰሽው ጥጥ ጠርገሽ ሌላ ቀን ጀምሪ። መስኮት ላይ ፀሐይ ላሙቀው እንዳትዪ፤ ላዩ ቆሞ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። እርጥቡ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ቅድም ተነጋግረናል።

ፍሬ፦ እኔ ሲሰለቸኝ በጥርሴ እልጠዋለሁ፣ ችግር አለው?

እታለም፦ አለው። ከጄሉ ጋር የራስሽን ጥፍር ንጣፍ በንጣፍ እየላጥሽ ነው። ከዚያ «ጄል ጥፍሬን አሳሳው» ትያለሽ። ላዩን በሞረድ አጎሳቁዪ፣ አሴቶን የነካ ጥጥ አድርጊበት፣ በፎይል ጠቅልዪና 15 ደቂቃ ጠብቂ። እምቢ ካለ 5 ደቂቃ ጨምሪ። በግድ አትፋቂ። አሴቶን እሳት ወዳድ ነው፤ ከሰል ያለበት ቤት ውስጥ እንዳይሆን። ቡና እየተፈላ የሚሠሩ አሉና ነው።

ዘይነብ ጅዳ፦ እታለም፣ ውኃ ያስገባል የሚባለው አዲሱ ኩቴክስ ለዉዱእ ይሆናል?

የሐረር ልጅ፦ አይሆንም። ውኃ ጥፍሩን መንካት አለበት። ሂና እያለ ምን አስጨነቀሽ?

ሰሚራ፦ አንዳንድ ዑለማዎች ይሆናል ብለዋል። ወንድሜ፣ ካልተጠየቅክ አትመልስ።

የሐረር ልጅ፦ ወንድም አይደለሁም፣ ሴት ነኝ። እኔ ውኃውን በወረቀት ሞክሬው አይቻለሁ፤ አላለፈም።

ሰሚራ፦ ወረቀት ጥፍር ነው እንዴ?

እታለም፦ ሴቶች! ሸሆቻችሁን ጠይቁ፤ እኔ ጥፍር እንጂ ፈትዋ አልሠራም። ስለ ሂና ግን አንድ ቃል። ንጹሑ ሂና ጥቁር አይደለም። ወደ ብርቱካንና ቀይ ቡናማ ነው የሚሄደው። በአንድ ሰዓት ድቅድቅ ጥቁር የሚሆነውን «ጥቁር ሂና» ካያችሁ ሽሹ። ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ተደባልቆበታል፤ ቆዳ አቃጥሎ ጠባሳ ይተዋል።

እማማ ዓለሚቱ፦ ልጆቼ፣ እኛ ኩቴክስ ሳናውቅ በእንሶስላ ነው ያደግነው። ለአዲስ ዓመት እጅና እግራችንን ቀይ አድርገን ነበር የምንውለው።

ጄሪ፦ እማማ፣ እንሶስላ ቅጠሉ ነው የሚቀጠቀጠው አይደል?

እማማ ዓለሚቱ፦ ቅጠል ሂና ነው ልጄ። እንሶስላ ሥሩ ነው። ተቀጥቅጦ እጅ ላይ ይደረግና ታስሮ ይታደራል።

እታለም፦ እማማ ኑሩልኝ! ይሄን ነው የምወደው። አያቴ በላስቲክ አስራን ታሳድረን ነበር፤ ጠዋት ስንፈታ ማን ይበልጥ ቀላ ብለን እንጣላለን። እንሶስላም ሆነ ሂና እንደ ኩቴክስ ላዩ ላይ አይቀመጥም፤ ጥፍሩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አይላጥም። ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ አብሮሽ ይከርማል። የእጅ ጥፍር ከሥር እስከ ጫፍ ለመቀየር ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ የእግር ከዓመት በላይ።

ይቅርታ፣ «ኩቴክስ» ካልን አይቀር፣ ስሙ የአሜሪካ ኩባንያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ሲጀምሩ ቀለም አልነበረም የሚሸጡት፤ በጥፍር ሥር ያለችውን ቆዳ ማለስለሻ ፈሳሽ ነበር። ስሙም ከዚያች ቆዳ የእንግሊዝኛ ስም የመጣ ነው። እኛ ለቀለሙ ሰጠነው። ያቺን ቆዳ ደግሞ አትቁረጧት፤ ባክቴሪያ እንዳይገባ የምትዘጋ በር ናት። ሞቅ ባለ ውኃ አለስልሳችሁ በእንጨት ወደ ኋላ ግፏት፣ በቃ።

ሙሽሪት ጥር፦ ለመልሴ ጥፍሬ ላይ ጥበብ መሳል እፈልጋለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ይቻላል?

እታለም፦ እንኳን ደስ አለሽ! ይቻላል፤ ደግሞ በተራ ኩቴክስ ይቻላል። ጄል አያስፈልግሽም።

መጀመሪያ ሸማውን ሥሪ። ነጭ፣ ሁለት ስስ ቅብ፣ ግማሽ ሰዓት ይድረቅ። የዐይን ኩል ብሩሽ ውሰጂና ጠጉሩን በመቀስ አሳሺው፤ አምስት ስድስት ፀጉር ብቻ ይቅር። ቀለሙን ከጠርሙስ አትጥቀሺ። ፎይል ላይ አንድ ጠብታ አድርጊ፣ ሲጓጉል ጥለሽ አዲስ ጠብታ። ለእጅ መንቀጥቀጥ መድኃኒቱ ትንሿ ጣት ናት፤ ጠረጴዛ ላይ ትከያት። ብሩሹንም አታንቀሳቅሺ። ብሩሹን አቁመሽ ጥፍሩን ከሥሩ አዙሪው። መስመር የሚቀናው እንደዚያ ነው።

ጥበቡን በጥፍሩ ጫፍ አግድም አታድርጊው፤ ያሳጥራል። መሃሉን ከሥር ወደ ጫፍ አውርጂው፣ ቀሚስሽ ላይ እንዳለው። ሁለት ቀጫጭን የወርቅ መስመር፣ በመሃላቸው ተያይዘው የሚወርዱ ትንንሽ ሰያፍ አራት ማዕዘኖች። ማዕዘን ካቃተሽ በስቴኪኒ ጫፍ ነጥብ ነጥብ አድርጊ፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ማንም አይለየውም። ከአሥሩ ጣት ሁለቱን ብቻ ሳዪ። አሥሩንም ከሣልሽ መጋረጃ ይመስላል።

ሲጨርስ 15 ደቂቃ ጠብቀሽ ቶፑን ቀቢ። ብሩሹ ጥፍሩን አይጫን። ትልቅ ጠብታ አስቀምጪና ጠብታውን ብቻ እየጎተትሽ አንሸራትቺ፤ አለበለዚያ ወርቁ ነጩ ላይ ይዝረከረካል።

ናርዶስ፦ እኔ ደግሞ ጋዜጣ ጥፍር ላይ የሚታተመውን ሞከርኩ፤ ፊደሉ ምንም አይነበብም።

እታለም፦ በአማርኛ ጋዜጣ ነው? እሰይ! ነጭ ወይም ግራጫ ቀብተሽ በደንብ ይድረቅ። ጋዜጣውን ጥፍር አሳክለሽ ቁረጪ። ጥፍርሽን አልኮል ውስጥ አምስት ሰከንድ ንከሪ፣ ወረቀቱን ለጥፊ፣ ሳታንሸራትቺ ተጫኚ፣ 20 ሰከንድ፣ ቀስ ብለሽ አንሺ። ቀለሙ ይቀራል። ግን ፊደሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ ነው የሚወጣው። «በ» እና «ሰ» ቢገለበጡም ያው ናቸው፤ «ረ» እና «ነ» ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ለዚህ ነው የማይነበብሽ። በመጽሔት ወረቀት አይሠራም፣ ያብረቀርቃል።

ትግስት፦ ተለጣፊ ጥፍር ሳወልቅ ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። በምን ልሸፍነው?

እታለም፦ አትሸፍኚው። እርጥበት ታፍኖ ባክቴሪያ ገብቶበት ነው። ጥፍሩን ባዶ ተዪና ሐኪም ያየው።

ሊሊ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ ቤቴ ሆኜ ለሰው ልሥራ ብዬ አስቤ ነበር።

እታለም፦ አሜሪካ ለጥፍርም ፈቃድ ይጠይቃል። ግዛትሽን ጠይቂ።

ነፍሰ ጡሯ፦ እርጉዝ ነኝ፣ ይጎዳል?

እታለም፦ ሐኪምሽን ጠይቂ። መስኮት ክፈቺ። ሆስፒታል ስትሄጂ ደግሞ ቢያንስ አንድ ጣት ባዶ ይሁን፤ ኦክስጅን የሚለካው ነገር ጣት ላይ ነው የሚገባው።

አቤል፦ ሚስቴ ረጅም ጥፍር አስቀጥላ ታጎርሰኛለች። እንዴት ልንገራት?

ፍሬ፦ አንተ ለምን አታጎርሳትም?

ሰሚራ፦ 😂 ይሄ ወንድ ነው አይደል?

እታለም፦ አቤል፣ አጭር ጥፍርም ቆንጆ ነው በላት። ሊጥ ለምታቦካ ሁሉ የምለው ነው። ስለ ሙጫው ግን ልንገርህ፤ የተለጣፊ ጥፍር ሙጫ ከፈሰሰ በጥጥ አትጥረጉ። ጥጥና ሙጫው ሲገናኙ ይግላሉ፣ ያቃጥላሉ። ልብስ ላይ ቢፈስም ያው ነው።

ማርታ፦ እታለም፣ ጥፍሬ ቶሎ እንዲያድግ ነጭ ሽንኩርት ይሠራል?

እታለም፦ ለወጥ ይሠራል። ከላይ አንብቢ።

የዓለም ባንክ ሰፈር፦ ኪቱ ስንት ነው?

እታለም፦ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ?

የሳሪሷ፦ እታለም፣ ጠርሙሱን አየሁት። ሙሉ በሙሉ ቻይንኛ ነው። ፎቶ አንስቼ በስልኬ አስተረጎምኩት። «ለባለሙያ ብቻ» ይላል።

እታለም፦ ጎበዝ። እንግዲያው ጄሎቹን አትንኪያቸው። ሞረዱን፣ እንጨቱንና ብሩሾቹን አውጪ፣ ሁለት ተራ ኩቴክስ ግዢ፣ አንድ ነጭ አንድ ቢጫ። በቢጫው አደይ አበባ ትጀምሪያለሽ። አምስት ነጥብ በክብ፣ እያንዳንዱን በስቴኪኒ ወደ መሃል ሳብ፣ መሃሉ ላይ አንድ ቡናማ ነ

እታለም፦ መብራት ሄደ። ስልኬ 4 በመቶ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ቡናማ ነጥብ።

ሚሚ 22፦ እታለም ከመሄድሽ በፊት፣ የወይራ ዘይትስ ጥፍር ያሳድጋል?

እታለም፦ 3 ሚሊሜትር ሚሚ! 3 ሚሊ