ውሃ ሲሞቅ የዓሣ ልብ ይለምዳል ወይ?

ሰላም ጠያቂያችን። ጥያቄዎ «ትራውት የያዝኩበት ገንዳ ከ12 ዲግሪ ተነስቶ ወደ 20 እየተጠጋ ነው፤ ልባቸው እያደር ይለምደዋል ወይስ አንድ ቀን ድንገት ያልቁብኛል?» የሚል ነው። «ዓሣ ደመ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከውሃው ጋር አብሮ ይሞቃል፣ አያሳስብም» ብለው የመለሱልዎም አሉ። አብሮ መሞቁ እውነት ነው። የሚያሳስበውም እሱ ራሱ ነው፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር ልቡም ይሞቃል፣ የሚሸሽበት የለውም።

የዓሣ ልብ ምት በሚለካበት ላቦራቶሪ ለዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርዎ። ዓሣው ሰመመን ውስጥ ሆኖ ስንጥቡ ላይ ውሃ ይፈስለታል፤ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ደረቱ ላይ ይደረጉና ውሃው በየ6 ደቂቃው 1 ዲግሪ ይጨመርበታል። መጀመሪያ ላይ ምቱ ከሙቀቱ ጋር እኩል ይሮጣል፤ በደምሳሳው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ምቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ጭማሪው እየሰነፈ ይመጣል። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን መቼም አልረሳውም፦ ትንሿ የአትሪየም (የደም ተቀባዩ የልብ ክፍል) የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰዓቷ ትመጣለች፣ ተከትላት መምጣት ያለባት ትልቋ የቬንትሪክል (የገፊው ክፍል) ሞገድ ግን ትቀራለች። አንዴ ትመጣለች፣ አንዴ ትዘላለች። ደም ተቀባዩ ክፍል ይመታል፣ ገፊው ክፍል አይሰማውም። እዚያ ላይ ቶሎ ካቀዘቀዙት አብዛኛውን ጊዜ ምቱ ይስተካከላል፤ ከገፉበት ግን ልቡ ይቆማል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ብዙ ሰው ጡንቻው ደክሞት ይመስለዋል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ግን ኤሌክትሪኩ ነው። የልብ ሴል እንዲነሳ የኤሌክትሪክ ሙላት ያለው ሶዲየም ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ ፖታሲየም ደግሞ ወደ ውጭ እየወጣ ሴሉን ወደ ዕረፍቱ ይጎትተዋል። ሙቀቱ ሲበዛ የሶዲየሙ ጉልበት ይደክማል፣ የፖታሲየሙ ፍሰት ይበረታል፤ በመጨረሻ ቬንትሪክሉን የሚቀሰቅስ በቂ ጉልበት ይታጣል።

ሁለተኛው ችግር ኦክስጅን ነው፤ እዚህ ላይ የዓሣ ልብ አቀማመጡ ራሱ ይበድለዋል። ደሙ ሰውነቱን ዞሮ፣ ኦክስጅኑን አራግፎ ወደ ልብ ይገባል፣ ከዚያ ነው ወደ ስንጥብ የሚገፋው። የልቡ የውስጠኛው፣ ቀዳዳ የበዛበት ጡንቻ የሚመገበው ሌላው አካል ካስተረፈው ከዚሁ ደም ነው። ትራውትና ሳልሞን ውጨኛውን ድፍን ሽፋን የሚመግብ የራሱ የደም ሥር አላቸው፤ ብዙ የዓሣ ዝርያዎች እሱም የላቸውም። ውሃውም አይረዳም፦ ጨው አልባ ውሃ በ10 ዲግሪ በሊትር 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 9 ገደማ ነው። ልቡ የበለጠ በሚሠራበት ሰዓት የሚደርሰው ያንሳል።

እንግዲህ ይለምዳል ወይ? ሳምንታት ካገኘ አዎን፣ በተለይ በዕረፍቱ። ልብን የሚያስነሳው ክፍል ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቃኛል፤ ስለዚህ ለ20 ዲግሪ የለመደ ዓሣ ዛሬ በድንገት 20 ዲግሪ ውስጥ ከገባው ይልቅ ቀስ ብሎ ይመታል። የልቡ ቅርጽም ይለወጣል፦ ትራውት ቅዝቃዜ ሲለምድ ቬንትሪክሉ ይተልቃል፣ ኮላጅንም (ጡንቻውን አያይዞ የሚይዘው ፕሮቲን) ይጨምራል፤ ሙቀት ሲለምድ ኮላጅኑ ይቀንሳል፣ ድፍኑ ሽፋን ይወፍራል።

ጣሪያው፣ ማለትም የመጨረሻው አቅም፣ ግን እንደ ወለሉ፣ እንደ ዕረፍቱ፣ አይታዘዝም። ስዊድን ውስጥ ፎርስማርክ ከሚባለው የኒውክሌር ጣቢያ የሚወጣ ሙቅ ውሃ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገባበት የተከለለ የባሕር ክፍል አለ፤ ከአካባቢው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ይሞቃል። እዚያ የሚኖሩትን ፐርች የተባሉ ዓሣዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት፣ ዓሣዎቹ በዕረፍት የሚያወጡትን ጉልበት ከሙቀቱ ጋር አስተካክለዋል፤ የላይኛው አቅማቸውና የሚችሉት የመጨረሻ ሙቀት ግን ያን ያህል አልተንቀሳቀሰም። ይህን ያህል ዘመን ኖረውበት!

የአትላንቲክ ሳልሞን ውጤት የተሻለ ተስፋ ይሰጣል፣ ለእርስዎም የሚቀርበው እሱ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በ12 ዲግሪ የቆዩት ልባቸው ከ21 እስከ 23 ዲግሪ ላይ፣ በደቂቃ 150 ገደማ እየመታ መሰናከል ጀመረ። በ20 ዲግሪ የቆዩት ግን እስከ 27.5 ዘልቀዋል፣ ምታቸውም 200 ገደማ ደርሷል። የሰሜንና የደቡብ አውሮፓ ዓሣዎች በዚህ ብዙም አልተለያዩም። ይህ አንድ ዓሣ በዕድሜው የሚያደርገው ነው። በትውልድ የሚመጣው ለውጥ ሌላ ነው፦ በካናዳው ፍሬዘር ወንዝ ለመራባት ሽቅብ ከሚወጡት የሶክአይ ሳልሞን ወገኖች መካከል መንገዳቸው አስቸጋሪ የሆነባቸው ልባቸው ትልቅ፣ የልባቸው የደም ሥርም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ከአንድ ገንዳ በአንድ ወቅት አይጠብቁ።

ስለዚህ ከቻሉ ሙቀቱ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይውጣ። ቁጥሩን ብቻም አይመልከቱ፤ አንዱ ትልቅ አደጋ በዕረፍት በሚያስፈልገው ምትና በመጨረሻው አቅም መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡ ነው። ያን ክፍተት የሚበላ ነገር ሁሉ ይቅር፦ በሞቃት ቀን መረብ ማስገባት፣ ማሯሯጥ፣ ማጓጓዝ። ምግብም ይቀንሱ፤ መፍጨት ራሱ ኦክስጅን ይፈልጋል። የአየር መንፊያውን ሌሊትም አያጥፉ። ኦክስጅኑን የሚለኩትም ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ ይሁን፤ አልጌ ያለበት ገንዳ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሲበላ ስለሚያድር ዝቅተኛው ቁጥር የሚገኘው ያን ጊዜ ነው።