ሱፐርማን ለምን አይሞትም?

ጥያቄ፦ ለአታሪ 2600 የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን የተሠሩት የ1979ኙ «ሱፐርማን» እና የ1980ው «አድቬንቸር» አካሄዳቸው እጅግ ይመሳሰልብኛል። «አድቬንቸር» ከ«ሱፐርማን» የተቀዳ ነው? ደግሞስ ሱፐርማን በጨዋታው ውስጥ ለምን አይሞትም?
አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ መመሳሰላቸውን በትክክል አስተውለዋል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ለገበያ ቀድሞ የቀረበው «ሱፐርማን» ቢሆንም፣ የተሠራበት ኮድ የመጣው በጅምር ከነበረው «አድቬንቸር» ነው። አታሪን እ.ኤ.አ. በ1976 የገዛው ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ የሱፐርማንን ኮሚክስ የሚያሳትመው ዲሲም ባለቤት ስለነበር፣ በ1978 መጨረሻ ለእይታ የበቃውን የሱፐርማን ፊልም ተከትሎ ጨዋታ እንዲወጣ መፈለጉ አያስገርምም። ዋረን ሮቢኔት የተባለው ፕሮግራመር፣ አለቃው በዚያች ማሽን አይሆንም ያሉትን «አድቬንቸር» እየሠራ ሳለ ወደ ሱፐርማን እንዲለውጠው ቢጠየቅ አልፈለገም፤ ባልደረባው ጆን ደን ግን ኮዱን ተረክቦ ሥራውን ፈጸመው።

የዝምድናው ምልክት በየቦታው ይታያል። ተጫዋቹ ከአንዱ ስክሪን ጫፍ ሲወጣ ሌላው ይከፈትለታል፤ ዕቃም ይዞ መሄድ ይችላል። በ«አድቬንቸር» የሌሊት ወፏ ዕቃ እየነጠቀች ሌላ ቦታ እንደምትጥል ሁሉ፣ በ«ሱፐርማን» ደግሞ ሄሊኮፕተሩ ተጫዋቹ ሊጠግነው የሚገባውን የፈረሰ ድልድይ ስብርባሪዎች እያነሣ ያዘዋውራል። ይህ ሁሉ 128 ባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ብቻ ባላት ማሽን መሠራቱን ስናስብ፣ የሮቢኔት አለቃ መጠራጠራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ጥይት የማይበሳውን ጀግና በተራ ወሮበላ እጅ እንዲሞት ማድረግ ከኮሚክሱ ጋር የሚጋጭ በመሆኑ፣ ጨዋታው «ነፍስ» መቁጠርን ትቶ ሰዓት ይቆጥራል፤ በእኔ ግምት የዚህ ሥራ ትልቁ ብልሃት ይኸው ነው። ሱፐርማንን የሚያውከው ኃይሉን የሚያዳክመው ክሪፕቶናይት የተባለ ማዕድን ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን የመብረር ኃይሉን ይነሣዋል እንጂ አይገድለውም፤ ኃይሉን ለማስመለስ ፍቅረኛውን ሎይስ ሌንን በእግሩ ፈልጎ መሳም አለበት። ቁልፉን ተጭኖ ጆይስቲኩን በመግፋት በኤክስሬይ ዓይኑ የጎረቤቱን ስክሪን አስቀድሞ ማየት መቻሉም ለተጫዋቹ ጊዜ ይቆጥብለታል። ድልድዩ ተጠግኖ፣ ጠላቱ ሌክስ ሉተርና ግብረ አበሮቹ እስር ቤት ከገቡ በኋላም ቢሆን ሰዓቱ አይቆምም፤ ሱፐርማን በስልክ ዳሱ ውስጥ ልብሱን ቀይሮ፣ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ክላርክ ኬንት (ማንነቱን የሚደብቅበት ጋዜጠኛ) ሆኖ ወደ ዴይሊ ፕላኔት ጋዜጣ ቢሮ መግባት አለበት።