ለቡና ከረጢት ወፍራም የአማርኛ ፊደል፦ ቀዳዳው ለምን ይደፈናል?

ሰላም ለሁላችሁ። ጠያቂያችን ለጅማ ቡና የግማሽ ኪሎ ከረጢትና ለሱቅ ፖስተር ደንዳና፣ አራት ማዕዘን የመሰለ ፊደል ፈልገው፣ በኮሬል (የዲዛይን ፕሮግራም ነው) ዙሪያውን መስመር ጨምረው ሲያወፍሩት የፊደሉ ቀዳዳ ከስክሪን ህትመት ተደፍኖ መጣባቸው። «የትኛው ፎንት ይሻላል?» ነው ያሉት።

ከፎንቱ በፊት አወፋፈሩ ይታይ። የዙሪያ መስመር ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ነው የሚወፍረው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር መስመር ከየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚበላ ቀዳዳው በ2 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። በዚያ ላይ ቀለሙ ክራፍት (ቡናማው የከረጢት) ወረቀት ላይ ይሰፋል። መጀመሪያ የሚጠፋው የኃምስ ቀለበት ነው፤ ሲሞላ ቤ ቢ፣ ሌም ሊ ሆኖ ይነበባል። ቀጥሎ የአናት ሰረዝ፦ ሸ ከሰ፣ ኘ ከነ ጋር ይምታታል። የእርስዎ «ጅ»ም ከ«ድ» የሚለየው በትንሽ ጭረት ስለሆነ ያችን ጭረት ሆን ብለው ያጉሏት።

መነሻ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይውሰዱ፤ «ብላክ» የሚባለውን ውፍረት። ነጻ ነው፣ ለንግድ ማሸጊያም ይፈቀዳል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ቆንጆ ቢሆንም ውፍረቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቦልድ ቢጫኑት ኮምፒውተሩ በግምት ያደነድነዋል፣ ያው ዙሪያ መስመር እንደ መጨመር ነው።

ከዚያ ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ቅርጹ በእጅ ወደሚስተካከል መስመር ቀይረው (ኮሬል ላይ ኮንትሮል እና ኪው) ፊደል በፊደል ያስተካክሉ። ሁሉንም እኩል ሳጥን ውስጥ መክተት ብዙዎችን የሚያሳስት ነው። ቁመቱ 25፣ የእግሩ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን የጠ ሦስት እግሮች ብቻ 18 ይወስዳሉ፤ ሁለት ባለ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲጨመር 24። ነን 24 ላይ ቢለጥጡት ግን ያለ ልክ የሰፋ ይመስላል። ስለዚህ ነ ይጥበብ፣ የጠ እግር ወደ 5 ይቅጠን፤ ዓይን ልዩነቱን አያየውም። «ቡና» ላይ የቡ ቅጥያ ና ላይ እንዳይለጠፍ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ለብቻ ይክፈቱ። ለክራፍት ከረጢት ማንኛውም ቀዳዳ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ጽሑፉ ሳይቀባ በወረቀቱ መልክ ቀርቶ ዙሪያው በቀለም የሚሞላ ከሆነ ደግሞ እግሩን ራሱን ያወፍሩ፣ ምክንያቱም ቀለሙ የሚሰፋው ወደ ፊደሉ ነው።

የ60 ኪሎውን ጆንያ በተቆረጠ ስቴንስል የሚመቱ ከሆነ የማ ውስጠኛ ክቦች ተቆርጠው እንዳይወድቁ ማያያዣ ድልድይ ይተዉላቸው።

በቁቤ (በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል) የሚጻፈውን ስም በነጥብ መጠን (በፎንት ሳይዝ ቁጥር) አያመሳስሉት። ቁመቱን በማስመሪያ ለክተው ከግዕዙ ጋር ያስተካክሉ፣ አለዚያ አንዱ ሁልጊዜ ያነሰ ይመስላል።

ፖስተሩ ቀላል ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ፊደል ፍሌክስ ላይ አይደፈንም፤ የከረጢቱን ፋይል ሳያጠቡ ሳይለጥጡ በልኩ አሳድገው ይላኩ።